የአባቴ ሁለት ዕድሜ እና የእትየ ስንዱ አርባ ቀን

አባቴ አንድ ቤት፣ አንድ ሚስትና ሁለት ዕድሜ ነበራቸው። ሁለቱንም ዕድሜዎች በአግባቡ ይሠሩባቸው ነበር እንጂ ሳጥን ውስጥ ቆልፈው አላስቀመጧቸውም። መሥሪያ ቤት ሲገቡ ሃምሳ ሁለት ዓመታቸው ነው። ቀበሌ ሲደርሱ ሰባ ሁለት ይሞላቸዋል። በሁለቱ መካከል የሃያ ዓመት ልዩነት ቢኖርም በእግር ከጎንደር አራዳ እስከ ቀበሌያችን ድረስ ብቻ ስለነበር፣ አባቴ በየቀኑ ሲያረጁና ሲታደሱ ብዙም አይደክማቸውም ነበር።

አትፍረዱባቸው፤ ምክንያት ነበራቸው። በደርግ ጊዜ የመንግሥት ሠራተኛ ሃምሳ አምስት ሲሞላው ጡረታ ይወጣል። አባቴ ደግሞ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ናቸው፤ የግምጃ ቤቱን ቁልፍ ከሚያስረክቡ ጥርሳቸውን ነቅለው ቢያስረክቡ ይቀላቸዋል። ስለዚህ ሃምሳ ሁለት ላይ ድንኳን ተክለው ተቀመጡ። ቀበሌው በበኩሉ ወንድ የተባለ ሁሉ ጥበቃ ይውጣ፣ ለልማት ድንጋይ ይሸከም ባይ ነው፤ ሰባ ያለፈውን ብቻ «አባት ይረፉ» ብሎ ይተወዋል። አባቴም አንድ ማለዳ ሰባ ሁለት ሆነው ቀበሌ ገቡና አረፉ።

የዚህ ሁሉ ነገር ቁልፉ ከዘራው ነበር። በመሥሪያ ቤቱና በቀበሌው መካከል አንድ ልብስ ሰፊ አለ። አባቴ ከመሥሪያ ቤት ሲወጡ ወገባቸውን ቀጥ አድርገው እየተራመዱ ልብስ ሰፊው በር ላይ ይደርሳሉ። እሱ ቀና ሳይል፣ በአንድ እጁ ጨርቁን በመኪናው እየገፋ፣ በሌላው እጁ ከዘራውን ያቀብላቸዋል። አባቴ ይቀበሉታል፣ ጉሮሯቸውን ይጠራርጋሉ፣ ወገባቸው ይጎብጣል፣ ከዚያ በኋላ የሚሄዱት ሌላ ሰው ናቸው። አንድ ቀን ልብስ ሰፊው ለቅሶ ሄዶ ሱቁን ዘግቶ ዋለና አባቴ ለቀበሌ ስብሰባ በሃምሳ ሁለት ዓመታቸው ሊገቡ ሆነ። እንደ ዕድል ሆኖ እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ደረስሁ። በጥቁር ሰሌዳ ላይ መስመር የማሰምርበትን የእንጨት ማስመሪያ ሰጠኋቸው፤ አንድ ሜትር ሙሉ ተመርኩዘው ገቡ።

እንግዲህ ከዚህ እንደምትገምቱት እኔ የሒሳብ መምህር ነበርሁ። ይህን የምነግራችሁ ልኮራ ሳይሆን ኋላ ላይ እንድትታዘቡኝ ነው።

ነገሩ የጀመረው በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ በአንድ የቀበሌ ስብሰባ ላይ ነው። ሁሉም ሰው ግራ እጁን ጨብጦ መፈክር ሲያሰማ አባቴ የጨበጡትን እጅ ደረታቸው ላይ አድርገው ቁጭ አሉ። ሊቀመንበሩ ስሜት የነካቸው መስሎት አስጨበጨበላቸው። ቤት ሲገቡ ግን ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ልቤ ዜማ ስታለች» አሉኝ። አባቴ በልጅነታቸው ቤተ ክርስቲያን ከበሮ መትተዋልና ነገርን ሁሉ በከበሮ ነው የሚለኩት። «በዝግታ መረግድ ናት ስል ፈጥና ጽፋት ትሆናለች። ጽፋት ናት ስል ዝም ትላለች። ዝም አለች ብየ ስደነግጥ ደግሞ እንደ ሠርገኛ ትጨፍራለች።»

የእጃቸውን የደም ሥር ይዤ ልቆጥር ሞከርሁ። እውነታቸውን ነው። ሁለቱ ተከታትለው ይመቱና ሦስተኛው ይቀራል፤ ቀረ ስትሉት አራትና አምስት ሆኖ ይመጣል። ስንት ዓመት ቁጥር ያስተማርሁ ሰውዬ የአባቴን ልብ መቁጠር አቃተኝ። እናቴ በበኩላቸው ነገሩ የስብሰባ ምች ነው ብለው ፌጦ በጥብጠው አጠጧቸው። ልባቸው ፌጦውንም ጨፈረችበት።

ሐኪም ቤት ይዣቸው ሄድሁ። ዶክተሩ እንቅልፍ ያጣ የሚመስል ወጣት ነው። ብዙ አዳመጠ፤ ደረታቸው ላይ ሽቦ ለጣጠፈና አንድ መሣሪያ ረጅም ወረቀት እየተፋ መስመር ሣለ። መስመሩ ፊደል ገና የጀመረ ልጅ ጽሕፈት ይመስላል። ዶክተሩ ወረቀቱን አይቶ አይቶ ወንበሩን ወደ አባቴ ሳበ።

«አባቴ፣ የልብዎ የላይኛው ክፍል ደሙን ገፍቶ ማውረድ ሲገባው ዝም ብሎ ይንቀጠቀጣል» አለ። «ያን ጊዜ ደሙ እንደ ኩሬ ውኃ ይተኛል። የተኛ ደም ይረጋል። ከዚያ የረጋው ቁራጭ ተነሥቶ ወደ አንጎል ከሄደ ግማሽ ጎንን ሽባ ያደርጋል፤ አንደበትንም ይይዛል።»

«መድኃኒት የለውም?» አልሁ እኔ።

«ደም የሚያቀጥን ክኒን አለ። ግን ክኒኑም የራሱ ጣጣ አለው፣ ያደማል። ስለዚህ ልቡ ዜማ ለሳተ ሁሉ አልሰጥም፤ በማን ላይ አደጋው እንደሚብስ አይቼ ነው። እሳቸው ግፊት የለባቸውም፣ ስኳር የለባቸውም። የቀረው ዕድሜ ነው። ይህ ሕመም በጎልማሳና በሽማግሌ ላይ አንድ አይደለም። ዕድሜ በገፋ ቁጥር ደም ረግቶ አንጎልን የመምታቱ አደጋ እየጨመረ ይሄዳል።» ብዕሩን አነሣ። «ስንት ዓመትዎ ነው?»

አባቴ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ በሩን፣ ቀጥሎ ባዶ እጃቸውን አዩ። ከዘራው ልብስ ሰፊው ዘንድ ነው።

«ይቅርታ ዶክተር» አሉ፣ «አሁን የምናወራው ከመሥሪያ ቤት ጋር ነው ወይስ ከቀበሌ ጋር?»

«ከልብዎ ጋር ነው» አለ ዶክተሩ።

ነገሩን እኔ አስረዳሁት። ዶክተሩ ሲሰማ ቆየና እውነተኛውን ንገሩኝ አለ። እዚህ ላይ ነው እኔ በሒሳብ ችሎታዬ ጣልቃ የገባሁት። «አንዱ ሃምሳ ሁለት ነው፣ አንዱ ሰባ ሁለት ነው። ሁለቱን ደምረን ለሁለት ብናካፍል ስልሳ ሁለት ይመጣል። መሀሉን ብንይዘውስ?» አልሁ።

«ሥራዎ ምንድን ነው?»

«የሒሳብ መምህር ነኝ።»

«ተማሪዎቹን እግዜር ይርዳቸው» አለ ዶክተሩ። «ክኒን በአማካይ አይታዘዝም። ሃምሳ ሁለት ከሆኑ አልሰጣቸውም፤ ሳያስፈልግ ላደማቸው አልፈልግም። ወደ ሰባ የተጠጉ ከሆነ ግን ባለመስጠቴ አንድ ቀን ወድቀው ይመጡብኛል። እውነቱን ይዛችሁ ኑ። ግን አትዘግዩ።»

ስንወጣ አባቴን ግድግዳ ጥግ አስጠጋኋቸውና «አባባ፣ ለእኔ እንኳ ይንገሩኝ። ማንም አይሰማም» አልኋቸው።

መልስ ሲሰጡኝ የመሥሪያ ቤቱም የቀበሌውም ድምፅ አልነበረም። «አላውቀውም ልጄ» አሉ። «አንዱን ለአንዱ፣ ሌላውን ለሌላው ስሰጥ የራሴን የት እንዳስቀመጥሁት ጠፋኝ።»

ይህን ያሉት ግምጃ ቤታቸው ውስጥ እያንዳንዱ ምስማር የት እንዳለ ዓይናቸውን ጨፍነው የሚያውቁ ሰው ናቸው። ከኪሳቸው የግምጃ ቤቱን ቁልፎች አውጥተው በቀኝ እጃቸው ያሻሹ ጀመር፤ ሲጨነቁ ልማዳቸው ነው። ያን እጅ አየሁት። አንድ ቀን ያ እጅ ቁልፍ መያዝ ሲያቅተው ታየኝና ፈራሁ። እስከዚያ ድረስ ቀልድ የመሰለኝ ነገር ሁሉ ከዚያ በኋላ አላስቀኝም።

እውነቱን ፍለጋ ከቤት ጀመርሁ። እናቴን ስጠይቃቸው «ስንጋባ ሠላሳ ነኝ አለኝ። ታላቅ እህትህን ስንወልድም ሠላሳ ነበር። አንተ ፊደል ስትጀምር ጠይቄው ሠላሳ ነኝ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ተውሁት» አሉኝ። የጦር ሜዳ ወሬያቸውን ለመመርመር ሞከርሁ። አባቴ ጠላ ቤት ሲጫወቱ በጣሊያን ጊዜ ምሽግ ሰብረዋል። በመሥሪያ ቤቱ ፋይል ብንሄድ ግን ያን ምሽግ የሰበሩት ገና «ሀ» ሳይቆጥሩ ነው። በዚህ ከሄድን ጣሊያን በሕፃን ተሸንፎ ወጣ ማለት ነው፤ ይህን ደግሞ የታሪክ መምህሩ ጓደኛዬ አልቀበል አለኝ።

በመጨረሻ አባቴ ራሳቸው መንገድ አሳዩኝ። «ስንዱ ታውቃለች» አሉ። «እኔና ስንዱ ባንድ ቀን ነው ክርስትና የተነሣን። እናቷ ገና በአራስነቷ በበሽታ ሞተችባትና እናቴ እኔን በቀኝ ጡቷ፣ እሷን በግራ ጡቷ አድርጋ አሳደገችን። እኔ ገና በጠዋቱ ወደ ከተማ ስኮበልል እሷ እዚያው ቀረች። ዘመኑን ከአሮጊቶቹ ሰምታ ታውቃለች።»

«ታዲያ ይህን እስከ ዛሬ ለምን አልጠየቋትም?»

«ምን ቸግሮኝ?» አሉ አባቴ። «ሁለት ነበረኝ እኮ።»

ዶክተሩ ዳገት እንዳይወጡ ስለከለከላቸው እኔ ብቻዬን ወደ ትውልድ አገራቸው ወደ ወገራ ወጣሁ። አምባ ጊዮርጊስ ኬላ ላይ ከአውቶቡስ አወረዱን። ወታደሩ መታወቂያዬን እያገላበጠ ለምን ጉዳይ እንደምሄድ ጠየቀኝ። ሐሰት መናገር ያስጠላኝ ሰሞን ነበርና «የአባቴን ዕድሜ ፍለጋ» አልሁት።

«ጠፍቶባቸው ነው?»

«አዎ፣ ሁለት ሆኖባቸው።»

ወታደሩ ትክ ብሎ አየኝና ቦርሳዬን እንደገና ፈተሸ። ከገብስ ዳቦና ከአንድ ጥቅል ስኳር በቀር ምንም ስላጣ «ሲያገኙት ንገረን» ብሎ አሳለፈኝ።

መንደሩ ስደርስ እሑድ ነበር፤ ሰው ከቅዳሴ ወጥቶ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ፀሐይ ይሞቃል። የወገራን ብርድ ፈርቼ ካኪ ኮት ለብሻለሁ። እግሬ ላይ የተወለወለ ጫማ አለ። ጸጉሬ አጭር ነው። ይህን ሁሉ ለብሼ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆምሁና፣ አቤት ሞኝነት፣ «እንደምን ዋላችሁ፣ የመጣሁት ዕድሜ ለማጣራት ነው» አልሁ።

ብሔራዊ ውትድርና በየመንደሩ ጎረምሳ የሚለቅምበት ጊዜ መሆኑን አትርሱ። ቃሉ ከአፌ ሳይወጣ የአገሩ ዕድሜ ሁሉ እንደ ቆቅ መንጋ ብር ብሎ ተነሣ። አንዲት እናት ትከሻው የበሬ ቀንበር የሚያህል ልጃቸውን ወደ ኋላቸው ደብቀው «ይኸ ገና አሥራ አራቱ ነው፣ ገብሱ ተስማምቶት ነው የረዘመ» አሉ። አጠገባቸው የቆመው ደግሞ ጺሙን ይዞ «እኔማ ስልሳን አለፍሁት፣ ያልሸበትሁ ቅቤ ስለምቀባ ነው» አለ። ባንድ አፍታ በዚያ አጥር ሥር ከሕፃንና ከሽማግሌ በቀር ወንድ ጠፋ።

«የለም፣ እኔ የምፈልገው የአያ ፈንታን ዕድሜ ብቻ ነው። ጎንደር ያሉትን» አልሁ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ከመካከላቸው ትልቁ ነጠላቸውን አስተካከሉና አንገታቸውን ደፍተው «ፈንታ?» አሉ። «ኧረ ፈንታማ ሙቷል። ነፍሱን ይማረው። ሸጋ ሰው ነበር።»

«አልሞቱም እኮ! እኔ ልጃቸው ነኝ!»

«እንግዲያማ አንተንም እግዜር ያጽናህ» አሉኝ ሽማግሌው።

መንግሥት የሚፈልገውን ሰው ከመንግሥት ለማዳን ከሞት የተሻለ መደበቂያ እንደሌለ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ደግነታቸው ዛሬም ይታወሰኛል። የአባቴን ስም ከሰሙ ስንት ዘመናቸው፤ ግን ካኪ ለብሶ ለመጣ ሰው አሳልፈው አልሰጧቸውም።

እትየ ስንዱ ቤት የገባሁት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። መደብ ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ። ባላቸው አያ አለሙ በር አጠገብ ሞፈር ይጠርባሉ። እትየ ስንዱ ኮቴን ሳይሆን ፊቴን አዩና እንዝርቱን ጣል አደረጉ።

«ይኸ የፈንቴ ግንባር ነው! ና ልጀ፣ ና!» ብለው አገላብጠው ሳሙኝ። ጠላ ቀዱልኝ። አያ አለሙም ሞፈሩን ትተው አጠገቤ ተቀመጡ። እስኪበቃን ከተጫወትን በኋላ የመጣሁበትን አነሣሁ።

«ፈንቴማ ሽማግሌ ነው፣ ሰባ አልፎታል» አሉ እትየ ስንዱ ቶሎ ብለው።

«እርስዎስ?»

ባላቸውን በዓይናቸው ጫፍ አዩ። «እኔማ ምን አለኝ። ጣሊያን ሲገባ ከጥጃ ኋላ ነበር የምሮጥ።»

«አባባ ግን ባንድ ቀን ነው ክርስትና የተነሣን አሉኝ።»

«አየ ፈንቴ! ሰው ሲያረጅ በቁሙ ያልማል።»

«ምነው ስንዱ» አሉ አያ አለሙ በቅን ልቦና፣ «ከፈንታ ጋር ባንድ ቀን ተጠመቅን ስትይ አልነበር የኖርሽ?»

«በዓሉ አንድ ነው አልሁ እንጂ ቀኑ አንድ ነው አልሁ?»

እኔ በሒሳብ ላጠምዳቸው ሞከርሁ። ጥጆቹ ስንት ነበሩ፣ በየትኛው ዘመን ተወለዱ፣ ከአያ አለሙ በፊት የነበሩት ባልዎ የሞቱት መቼ ነው እያልሁ ዙሪያውን ዞርሁ። እትየ ስንዱ እንዝርታቸውን መልሰው እያሾሩ ከየአቅጣጫው ያመልጡኛል። ጠላው ሁለቴ ተቀዳ። ኋላ ደከመኝና ቁጥሩን ተውሁት። «እትየ፣ ዕድሜ የምፈልገው ለመንግሥት አይደለም» አልኋቸው። «አባባ ታመዋል። ልባቸው ዜማ ስቷል። ዶክተሩ ዕድሜያቸው ከገፋ ደም ረግቶ ግማሽ ጎናቸውን ሊጥል ይችላል ይላል። ክኒኑን ለመስጠት እውነተኛ ዕድሜያቸውን ፈለገ። እሳቸውም አያውቁትም፤ ከእርስዎ በቀር የሚያውቅም የለም።»

የእትየ ስንዱ እጅ እንዝርቱ ላይ ቆመ።

«ልቡ ይዘላል?»

«አዎ።»

«ዝም ብሎ ደግሞ ይነሣል?»

«እንደዚያ ነው የሚሉት።»

እትየ ስንዱ ጥጡን አስቀመጡት። «የአባቱም እንዲሁ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «እኔን አሳድጎ የዳረኝ አያ ወንዴ፣ የአንተ አያት። ደረቱን ይዞ ‹እህ! ከበሮየን ማን ነካብኝ› ይል ነበር። እኛ እንስቃለን። አንድ ጠዋት ከመደቡ ሲነሣ ቀኝ ጎኑ ቀረ። አፉም ተያዘ። ፈንቴ ከተማ ነው። እስኪሞት ድረስ ያጎረስሁት እኔ ነኝ። ስሜን ሊጠራኝ ይፈልግና ያቅተዋል፤ በዓይኑ ነበር የሚጠራኝ።» በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉና ወደ ባላቸው ዞሩ። «አያ አለሙ፣ እስቲ ውጣና ከብቶቹን እይ።»

«ከብቶቹ ታስረዋል።»

«ፍታቸውና እይ!»

አያ አለሙ ከተቀመጡበት አልተነሡም። እትየ ስንዱ ጥቂት ጠበቁ፤ ከዚያ መደቡ ላይ ተስተካክለው ተቀመጡና ለፍርድ እንደቀረበ ምስክር ነጠላቸውን አጣፉ።

«እንግዲያው ስማ፣ አንተም ስማ። እኔና ፈንቴ የተጠመቅን በኅዳር በሽታ ነው። ሰው እንደ ቅጠል ሲረግፍ። እናቴም በዚያው ነው የሞተች። ቄሱ ከቀብር ወደ ቀብር ሲሮጡ፣ በመንደሩ ለክርስትና የደረስን ሁለታችን ብቻ ነበርን። ባንድ ቀን፣ ባንድ ውኃ አነሡን። ይኸው ነው። ሌላ ነገር የለኝም።»

የኅዳር በሽታ። አሥራ አንድ ዓመተ ምሕረት። ቁጭ ብዬ ከሰባ ስምንቱ ላይ አሥራ አንዱን ቀነስሁ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሒሳቤ ጠቀመኝ። አባቴ ስልሳ ሰባት ዓመታቸው ነው።

አያ አለሙም በጣታቸው ይቆጥሩ ነበር። አንዱን እጅ ጨረሱ፣ ሌላውን ጨረሱ፣ እንደገና ጀመሩ፤ ከዚያ አፋቸው ተከፈተ። «ስንዱ» አሉ፣ «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ‹አያ› ስትይኝ የኖርሽ እኮ ታላቄ ሁነሽ ነው!»

«መከበሩ ጎዳህ?» አሉ እትየ ስንዱ።

አያ አለሙ ወጡና ከብቶቹን አዩ።

በማግሥቱ እትየ ስንዱ «ምስክርነት በሰው አይላክም» ብለው አብረውኝ ተነሡ። ሐኪም ቤት ስንደርስ አባቴ ከእናቴ ጋር ወረፋ ይዘው ጠበቁን። ሁለቱ ሲገናኙ የተቃቀፉትን መተቃቀፍ እዚህ አልጽፈውም፤ ካርድ ክፍል ያሉት ሰዎች ሳይቀሩ ሥራ ፈተዋል። ዶክተሩ ፊት እንደቀረብን እትየ ስንዱ ቆመው «የዕድሜው ምስክር ነኝ» አሉ። በሩ መዘጋቱን አረጋገጡና ጎንበስ ብለው በጆሮው ነገሩት።

«ስልሳ ሰባት» አለ ዶክተሩ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ።

«ቀስ በል ልጀ» አሉ እትየ ስንዱ።

አባቴ ቁጥሩን ሲሰሙ እንደ ጠፋ ዕቃ ተቀበሉት። ከመሥሪያ ቤቱ ይበልጣል፣ ከቀበሌው ያንሳል፤ ግን የራሳቸው ነው። ዶክተሩ ክኒኑን አዘዘ። ሲያዝዝም ደሙ በየጊዜው ይመርመር፣ አረቄ ይቅር፣ ጎመንም የክኒኑን ኃይል ስለሚያዳክም አንድ ሰሞን ጠፍቶ አንድ ሰሞን እንዳይበዛ አለ። አባቴ ከዚያ በኋላ በዐቢይ ጾም ጎመን በቀረበ ቁጥር «ዶክተሩ!» እያሉ ወደ ሽሮው ይዞራሉ። አረቄውን ሲከለክል ግን አልሰማሁም ሊሉ ሞክረው እናቴ አስታወሷቸው።

ከክፍሉ ልንወጣ ስንል አባቴ ድንገት ቆሙ። የቤተ ክርስቲያን ትምህርታቸው መጣባቸው። «ቆይ ስንዱ» አሉ። «ወንድ በአርባ ቀኑ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ አይደል የምትጠመቅ? ባንድ ቀን ከተጠመቅን እኮ አንቺ በአርባ ቀን ትበልጭኛለሽ!»

«ዓመቱን ሰጥቸሃለሁ ፈንቴ» አሉ እትየ ስንዱ ነጠላቸውን ሰብሰብ እያደረጉ። «አርባ ቀኗን ተወኝ።»

«ሥርዓቱ ነዋ!»

«በሽታ ነበር። ቄሱ ቸኩለው ነው ያጠመቁን።»

ዶክተሩ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ።

ጣጣው በዚህ አላበቃም። ለደም ምርመራ በተመለሱ ቁጥር ካርድ ክፍል ያለው ሰው በኮሪደሩ ላይ እየጮኸ ስምና ዕድሜ ይጠራል። አንድ ቀን «ፈንታ፣ ስልሳ ሰባት!» ብሎ ሲጠራ አባቴ ብድግ አሉ። ብድግ ሲሉ ከፊታቸው የተቀመጠው የመሥሪያ ቤታቸው የአስተዳደር ኃላፊ ነው፤ የጡረታውን ጉዳይ የሚይዘው። ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። አባቴ ቁልፋቸውን ሊያስረክቡ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። በዚያው ቅጽበት የካርድ ክፍሉ ሰው እንደገና ጮኸና የአስተዳደር ኃላፊውን ስም ጠርቶ «ስልሳ አንድ!» አለ። እኔ እንኳ ኃላፊው የአርባ ስምንት ዓመት የልደት ቀኑን ቢሮ ውስጥ ሲያከብር ለስላሳ ጠጥቻለሁ። ሁለቱም ሰላምታ ሳይለዋወጡ ወደየክፍላቸው ገቡ። በመሥሪያ ቤቱ ስለ ዕድሜ ከዚያ ወዲህ ማንም ለብዙ ጊዜ ጥያቄ አላነሣም።

አባቴ ሲበቃቸው በገዛ ፈቃዳቸው ጡረታ ወጡ። ደርግም ሄደ፤ ቀበሌውም ሌላ ቀበሌ ሆነ። ከዘራው ከልብስ ሰፊው ቤት ወጥቶ የእውነት ከዘራ ሆነ። እኔም አባቴን ባንድ ዕድሜ ብቻ ማየት ለመድሁ። ግን አንዳንድ ጊዜ በአራዳ ሳልፍ፣ ልብስ ሰፊው በነበረበት በር ላይ፣ እጁን ዘርግቶ ከዘራ የሚያቀብል ሰው ያለ ይመስለኛል፤ አባቴም ቀጥ ብለው መጥተው ጎንበስ ብለው የሚሄዱ ይመስለኛል። ያን አካሄድ ናፍቄዋለሁ።

የሞቱት ሸምግለው ነው። ልባቸው እስከ መጨረሻው ዜማ እንደሳተ ነበር፤ አንጎላቸውን ግን አልነካም። ባለፉበት ዋዜማ የግቢውን በር በቀኝ እጃቸው ራሳቸው ቆልፈዋል፤ እኔንም እናቴንም በየስማችን ጠርተው ደኅና እደሩ ብለውናል። ጠዋት አልነቁም።

እትየ ስንዱ ከወገራ መጡ። የመጡትም አያ አለሙ ደግፈዋቸው ነው። ድንኳኑ በሰው ሞልቷል፤ የጎንደር ሰው፣ የወገራ ሰው፣ ያ የአስተዳደር ኃላፊ ሳይቀር አለ። እትየ ስንዱ መሀል ላይ ሲደርሱ አያ አለሙን ለቀቁና ደረታቸውን መቱ።

«ፈንቴ! የጡት ወንድሜ! ታላቅህ እኮ እኔ ነኝ! በአርባ ቀን እበልጥህ የለም ወይ! ምነው ተራየን ወሰድህብኝ!»

ያን ሁሉ ዓመት የደበቋትን አርባ ቀን ለቀስተኛው ሁሉ ሰማ። ከዚያ የሚደግፋቸው እጅ ፈለጉ። አያ አለሙ ቀረብ ብለው ትከሻቸውን ያዙ።

«በቃሽ» አሉ አያ አለሙ። «በቃሽ፣ እትየ ስንዱ።»